ሰው የመጣለት ስም

እርሳስ በምላጭ ስቀርጽ የሚወጣው ሽታ የዲማን ቅጥር ግቢ ያመጣብኛል። እርሳሱ ከምን እንጨት እንደሚሠራ አላውቅም፤ አፍንጫዬ ግን ጽድ ነው ይለኛል፤ ያ ዝናብ መትቶት ፀሐይ የወጣችበት፣ ከገዳሙ ግንብ ጥግ የቆመው ጽድ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እርሳስ የምቀርጸው ለሥራ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ላይ ለብቻው የሚኖር፣ ሚስቱን የቀበረ፣ ልጁ ሩቅ አገር ያገባችበት የሰባ ሁለት ዓመት የታሪክ አስተማሪ ምን የሚጽፈው ነገር አለ? አንዳንድ ቀን ሽታውን ብቻ ፈልጌ አንዱን እርሳስ እስከ ግማሽ እቀርጸዋለሁ። የቤት ሠራተኛ ብትኖረኝ አብዷል ብላ ጥላኝ ትሄድ ነበር። በዚህ ዓመት መስከረም ሊያልቅ ሲል እንደዚሁ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስቀርጽ ስልኬ ጮኸ። ሳነሣው የሞተ ሰው ነው።

«ይርጋ! አለህ?»

አንዷ ቃል በቃችኝ። መምህር ሁሴን ነው። እኔ ታሪክ፣ እሱ ጂኦግራፊ እያስተማርን አንድ የመምህራን ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን የተቀመጥን ሰዎች ነን። አምና ሞተ ብለው ነግረውኝ አልቅሼ ጨርሻለሁ። ምላጩ ከእጄ ወደቀ።

«አንተ አልሞትክም እንዴ?» አልኩት።

«ምነው፣ ቸኮልክ?» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ወዲያው ወደ ሳል ተለወጠ። «እስካሁን አለሁ። የፊታችን ሳምንት ሆዴን ሊከፍቱኝ ነው፣ ሐኪሞቹ ቀጠሮ ሰጥተውኛል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላህ ያውቃል። እዚህ ኔትወርክ ዛሬ ገና መጣ፤ ካንተ በፊት ለማንም አልደወልኩም። ስማ፣ ዲማ...» አለና መስመሩ ተቋረጠ።

ወንበር ላይ ወጣሁ፣ ከበሩ ውጭ ወደ መንገዱ ወጣሁ፣ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጋሁ። የለም። ደስታውን ሳልጠግበው አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ ይህን ሰው ቀብሬዋለሁ። አምና በእግሬ ዲማ ድረስ ሄጄ፣ ስሙን ከገዳሙ የጸሎት ደብተር ከሕያዋን አሰርዤ ከሙታን ጋር አስጽፌዋለሁ። በየዕለቱ ነፍሱን ይማር ይባልለታል ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ በሚቀጥለው ሳምንት ቢላ ሥር ሊተኛ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ለተማሪ ማስረጃ ያልቀረበበትን ነገር አትመኑ ያልኩ ሰውዬ ነኝ። ያን ቀን ግን ፈራሁ። ሳያድር ሊሄድ እንደተነሣ ሰው ከረጢቴን ከቁም ሳጥን ላይ አወረድኩ።

ነገሩ የተጀመረው ሁሴን ከወሎ ተቀይሮ በመጣ በዓመቱ ነው። ያኔ ኑሮ ለኪስ የማይከብድበት ዘመን ነበር። ሻይ በዐሥር ሳንቲም፣ ዳቦ በዐሥር ሳንቲም፣ ከአውቶብስ መናኸሪያው በታች ባለችው ሻይ ቤት ሃምሳ ሳንቲም ይዞ የገባ ሰው ጋባዥ ነው። ሁሴን ሲመጣ ከታች የሰፋ ቡናማ ቴትሮን ሱሪ፣ አንገትጌው ትከሻው ላይ የሚደርስ ሸሚዝ ለብሶ ነበር፤ በደብረ ማርቆስ ጭቃ ላይ ያ ሱሪ ሁለት ሳምንት አልቆየም። ከዚያ ወዲህ ካኪ ሱሪና የዝናብ ካፖርት የሱ ምልክት ሆነ። ማታ ማታ ከቴሌው ማዕዘን እስከ ፖስታ ቤቱ እየተመላለስን እናወራለን። አንድ ቀን፣ «አንተ ሰው፣ እነዚህን ገዳማት ሁሉ ለልጆቹ ስታስተምር እሰማለሁ፤ ስንቱን አይተሃል?» አለኝ። አንዱንም አላየሁም ነበር። የሎሚ ቁራጭ የመጠጠ ሰው ሳልመስል አልቀርም፤ አይቶኝ ሳቀ። «እንግዲያው እንሂድ። አንተ ታሪኩን ንገረኝ፣ እኔ መንገዱን እሥላለሁ።»

እንዲህ ብለን ጀመርን። በየዓመቱ የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና ታርሞ ውጤት እንደተሞላ፣ ጥር ላይ፣ ከረጢት አንግተን እንወጣለን። አንዱን ዓመት በደምበጫ በኩል፣ በፈረስ ጋሪ እየተንገጫገጭን፣ ገበያ ውሎ የሚመለስ አረንጓዴ ቁምጣ የለበሰ ገበሬ ሁሉ «መምህሮች፣ ምን ጠፍቷችሁ ነው?» እያለን። ሌላውን ዓመት በቁይ በኩል፤ ሾፌሩ ያለችው አንዲት ካሴት ናት፣ እሷም በአንድ በኩል ተበላሽታለች፣ ስለዚህ ያቺኑ የመሰንቆ ዘፈን ስምንት ዘጠኝ ጊዜ እየሰማን። ዛሬ ያቺን ዜማ ባጃጅ ውስጥ ብሰማት መውረጃዬን እረሳለሁ። የትም እንዙር የት የጉዟችን መጨረሻ ግን ሁልጊዜ ዲማ ነው። መኪናው ካደረሰን ቦታ ወርደን ሜዳውን በእግር እናቋርጣለን። የጤፍ ነዶ የተከመረበት አውድማ፣ የዋርካ ጥላ፣ ከሩቅ የሚሰማ የቆሎ ተማሪ ዜማ። ያኔ መንገድ ላይ ማንም ማንነትህን አይጠይቅህም፤ የሚጠይቁህ ርቦህ እንደሆነ ነው።

ስለ ምግባችን ልናገር። የክርስቲያን ሥጋ ለሱ አይሆንም፣ የእስላም ሥጋ ለኔ አይሆንም። ስለዚህ ከቤት ከወጣን እስክንመለስ ሁለታችንም ሥጋ አናይም፤ ቆሎ፣ ዳቦ፣ የሽምብራ ሽሮ። ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና፣ «በፍስክ ጾመኛ የሆንከው በሁሴን ነው» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ስንትና ስንት ክትፎ በልቻለሁ፤ እንደዚያ ሽሮ የጣመኝ የለም።

ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ እሱ ቅጽሩ ውስጥ ገብቶ ከጽዱ ሥር ይቀመጣል፣ ካፖርቱን ያነጥፋል፣ ባለ ካሬ ወረቀቱን አውጥቶ ግቢውን ይሥላል። እርሳሱን በምላጭ የሚቀርጸውም እዚያው ነው። እኔ ወደ ውስጥ እገባለሁ፣ እወጣለሁ፣ ያየሁትን ልነግረው እጮኻለሁ። እኔ ደግሞ ድምፄን አላውቅበትም። ሁለት ሰው እያናገርኩም ስድሳ ተማሪ ፊት የቆምኩ ይመስለኛል። «ሁሴን! ና ይህን በር እይ! ሁሴን! ደወሉን አየኸው?» ስል ገዳሙ በሙሉ ይሰማል።

የዲማው የመጀመሪያ ጉዟችን ላይ ልንሰናበት ስንል አባ ኅሩይ የሚባሉ ቀጭን መነኩሴ ጠሩን። ጉልበታቸው ላይ አንድ ተራ የተማሪ ደብተር ይዘዋል። ከፊት በኩል በጸሎት የሚታሰቡ ሕያዋን፣ ከኋላ በኩል ሙታን የሚጻፉበት ነው። እሳቸው ዘንድ ታዲያ አንድ ደንብ አለ፤ ማንም የራሱን ስም አያስጽፍም። አብሮ የመጣው ነው የጓደኛውን የክርስትና ስም የሚሰጥ። «ሰው ለራሱማ ሁልጊዜ አለ» አሉን። «ብቻውን የመጣስ?» ብዬ ጠየቅሁ፤ አስተማሪ አይደለሁ። «ብቻውን የመጣ ሰው የመጣለት ቀን ይጻፋል» አሉኝና ዐይናቸውን ወደ ሁሴን መለሱ። «በል፣ የሱን ስም ስጠኝ።»

ስለ ሁሴን እውነቱን ብናገር ያስወጡት መሰለኝ፣ ስድስት ሰዓት በእግሩ የመጣውን ሰው። «ገብረ መስቀል» አልኩ። አባ ኅሩይ ቀና ብለው አዩኝ፣ እሱን አዩት፣ ከዚያ ብዕራቸውን ቀለሙ ውስጥ ነክረው ጻፉ። ተራው የሱ ሆነ። የኔን የክርስትና ስም ሁሴን ከየት ያውቃል? ጎንበስ ብዬ በጆሮው ነገርኩት። ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ቁርአን ቤት እንደለመደው ድምፁን አሰምቶ፣ «ኃይለ ማርያም!» አለ። እስከዛሬ ስሜን እንደዚያ አክብሮ የጠራልኝ ሰው የለም።

ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ሲቀልድብኝ ዋለ። «ይርጋ፣ ገብረ መስቀል ደክሞታል፣ እንረፍ። ገብረ መስቀልን ውኃ አጠጣው።» ቅር ብሎህ እንደሆነ ብዬ ይቅርታ ስጠይቀው፣ «ዱዓ ይበዛል እንዴ? ይጸልዩልኝ» አለ። ከዚያ በየዓመቱ ስንሄድ አባ ኅሩይ፣ «ጓደኛህ እንዳለ ነው?» ይሉኛል፤ «አለ» እላለሁ፤ እሱም ስለኔ ይጠየቃል፤ «አለ» ይላል። ደብተሩ ሲሞላ እኛ ከትምህርት ቤት አዲስ እንወስድላቸዋለን፤ ወደ አዲሱም የሚገለበጠው በዚያ ዓመት ሰው የመጣለት ስም ብቻ ነው።

ሁለታችንም ጡረታ ወጣን። እሱ ወደ አገሩ ወሎ ተመለሰ፤ የእናቱ ቤት እዚያ ነው፣ ምን ይደረግ። «ጥር ጥር እየመጣሁ ዲማ እንሄዳለን» ብሎ ማለልኝ፤ ብዙ ዓመትም መጣ። ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። እንዴት እንደተለወጠ የሚያውቁ ይናገሩት፤ እኔ የማውቀው አውቶብሱ አንድ ቀን ሄዶ ሦስት ቀን እንደሚቆም፣ ስልክ ወር ሙሉ ጸጥ እንደሚል፣ ከመናኸሪያው በታች ያለችው ሻይ ቤት መዘጋቷን ነው። በማዕዘኑ ላይ ቆመው ያወሩ የነበሩ ሰዎች አሁን እየተያዩ ብቻ ይተላለፋሉ። እኔም እንደነሱ ሆንኩ። እንዳልናገር ስል ላናግረው የምፈልገው ሰው ሁሉ ራቀኝ።

አምና ክረምት መግቢያ ላይ ከወሎ በኩል ማሽላ ጭኖ የመጣ ሾፌር፣ «መምህር ሁሴን ዐርፈዋል፣ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ» ብሎ ነገረኝ። ስንት መምህር ሁሴን እንዳለ ልጠይቀው አልመጣልኝም። ለቅሶ እንዳልደርስ መንገዱ በማግስቱ ተዘጋ፤ እንዳልደውል ስልክ የለም። ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ፎጣዬን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩ። ጎረቤቴ ሰምታ መጣችና፣ «ምንዎ ነበር?» አለችኝ። ምኔ ነበር? ወንድሜ አይደል፣ አብሮ አደጌ አይደል፣ የአገሬ ልጅ አይደል። «አብረን ዲማ የምንሄድ ነበርን» አልኳት። ግራ ገብቷት ነፍስ ይማር ብላ ሄደች። ድንኳን የማይጣልለት ሐዘን እንዴት ያንገበግባል! ቀብሩ ላይ አፈር ባላለብሰው ስሙን እንኳ በደንቡ ልሸኘው ብዬ ነው ያን ጊዜ ዲማ የሄድኩት። አዲስ ደብተርም ይዤ ነበር። አባ ኅሩይ አርጅተዋል፣ ዐይናቸው ግን ያነባል። «ገብረ መስቀል ዐረፈ» አልኳቸውና ደብተሩን ሰጠኋቸው። ነፍስ ይማር አሉ፤ ተመለስኩ።

አሁን ደግሞ ያንኑ መንገድ ልደግመው ነው። በማግስቱ ጠዋት መኪና የሚሄደው እስከ ግማሽ ድረስ ነው አሉ፤ በግማሹ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ በእግር። ከረጢቴ ውስጥ ዳቦ፣ ቆሎ፣ አንድ ጋቢ። አንድ ቦታ ላይ ጠመንጃ የያዙ ልጆች አቆሙኝ፤ የት ነው፣ ለምንድን ነው፣ ከማን ጋር ነው አሉኝ። ዲማ፣ ለጸሎት፣ ብቻዬን። ከሰዓታት በኋላ ከወንዙ ማዶ ሌሎች ጠመንጃ የያዙ ልጆች እነዚያኑ ሦስት ጥያቄዎች ጠየቁኝ። ከነዚህ አንዱ መታወቂያዬን አይቶ ደነገጠና፣ «ቲቸር ይርጋ? እኔ እኮ ዘጠነኛ ቢ ነበርኩ» አለኝ።

«የት ትቀመጥ ነበር?»

«መስኮቱ ጋ። እርስዎ ሲጮኹ ከውጭ ያሉት ሳይቀሩ ይማሩ ነበር እኮ!» ብሎ ሳቀ፤ ጓዶቹም ሳቁ። ከወንዙ ወዲህ ያሉትስ የየትኛው ክፍል ነበሩ? ልጠይቃቸው ይገባኝ ነበር። «ብቻዎን አይሂዱ፣ ቲቸር» አለኝ። አብሮኝ የሚሄድ ከየት ላምጣ? ውኃ ሰጠኝና ሄድኩ።

መንገዱ ረዘመብኝ። ሁሴን ሁልጊዜ የሚያርፍባት ድንጋይ አለች፤ ደርሼ ተቀመጥኩባትና ሳላስበው ወደ ጎን ፈቀቅ አልኩለት። ያን ሳደርግ ራሴን ያዝኩት። ብቻዬን መሆኔ እንደዚያ ቦታ ላይ የትም ተሰምቶኝ አያውቅም።

አንድ ሰው ቤት አድሬ በማግስቱ ረፋድ ላይ ዲማ ገባሁ። ጽዱ እንዳለ ነው። አባ ኅሩይ ፀሐይ ይሞቃሉ። እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ ተናዘዝኩ። ሰውዬው አልሞተም፣ ስሙም ገብረ መስቀል አይደለም፣ ክርስቲያንም አይደለም፣ ዋሽቻለሁ፤ አሁን ሊቀደድ ነውና በእግዜር ይዤዎታለሁ ከሙታኑ ያውጡልኝ አልኩ።

ስጨርስ ከመሳቅ በቀር ምንም ያላሰቡ ይመስሉ ነበር። ያ እኔ ያመጣሁትን ደብተር ከጉያቸው አወጡና ከፊት በኩል ገልጠው ሰጡኝ። «አንብበው፣ አስተማሪ አይደለህ?»

አነበብኩት። በጥቁር ቀለም፣ ጥርት ባለ የመነኩሴ ጽሕፈት፣ ከሕያዋኑ መካከል፦ ሁሴን።

«አባ፣ ይህ መቼ ተጻፈ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። ያን ዕለት ከደረሳችሁ ጀምረህ፣ ሁሴን ና፣ ሁሴን እይ እያልክ ግቢውን ስታናውጠው ደንቆሮ መሰልኩህ? በኋላ ገብረ መስቀል አልከኝ። እኔ እንግዳውን በተጠራበት ጻፍኩት። ደጅ ለረገጠ እንግዳ መጸለይ የኛ ሥራ ነው።»

«አምናስ? ሞተ ብዬዎት አልነበር?»

«ገብረ መስቀል ሞተ አልከኝ። ገብረ መስቀል የሚባል እዚህ የለኝም። የማላውቀውን ሰው ነፍስ ይማር አልኩልህ። ስለሱ መምጣትህን አየሁና ሁሴንን ወደ አዲሱ ገለበጥኩት። ሲታሰብ ነው የከረመው።»

እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ አላፈርኩም። ዕንባዬን ጠርጌ ከሁሴን በታች ያለውን አነበብኩ፣ ከሱም በታች፣ ገጹን ገለበጥኩ፣ መለስኩ። አባ ኅሩይ ምን እንደምፈልግ ገብቷቸዋል። «ያንተ የለም» አሉኝ። «አምና ስላንተ የመጣ የለም። ዘንድሮም ብቻህን ነህ።» ደንቡን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ግን ገጹን ደግሜ ገለበጥኩት። ይህን አይተው፣ «እኔ ልስጥልህ?» አሉኝ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ያልፈረሰ ደንብ ስለኔ ሊያፈርሱ ነው።

«አይ፣ አባ» አልኩ። «እሱ መጥቶ ይስጠኝ።» ሌላ ሰው ቢሰጠው በሁሴን መምጣት ተስፋ የቆረጥኩ ስለመሰለኝ ነው። አባ ኅሩይ አልተከራከሩኝም። ከሁሴን ስም ቀጥሎ ያለውን ስም በምላጭ ፍቀው ከታች ጻፉትና መስመሩን ባዶ ተዉት።

ሁሴንን በስልክ ያገኘሁት ከተመለስኩ በዘጠነኛው ቀን ነው። ድምፁ ቀጥኗል።

«አለህ?» አልኩት በተራዬ።

«አለሁ። ሰፍተው መለሱኝ።»

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት። ደብተሩ ላይ ስደርስ፣ «አታስቀኝ፣ ስፌቱ ያመኛል!» እያለ ሳቀ።

«ያንተንስ ማን ሰጠልህ?» አለኝ። «ያን ቀን መስመሩ ሲጠፋ ልጠይቅህ የነበረው እሱን ነው። እኔ ብሞት ዲማ ላይ ማን ይሰጥልሃል እያልኩ ነው የከረምኩ።»

በረንዳዬ ላይ ነኝ። የተቀረጸው እርሳስ ፍርፋሪ እንደነበረ መሬት ላይ ነው።

«አንድ መንገደኛ ነበር» አልኩት። «እሱ ሰጠልኝ።»

«ስምህን ከየት ያውቃል?»

«በጆሮው ነገርኩት።»

«እንደኔ?»

«እንዳንተ።»

«እሰይ!» አለ። እውነተኛ ደስታ ነበር፤ ከድምፁ ያስታውቃል። «እንግዲያው ጥር ላይ ልምጣ ብዬ አልጨናነቅም። መንገዱ ሲከፈት በእርጋታ እመጣለሁ።»

«በእርጋታ ና» አልኩት።